በሩ የተዘጋው ለመኪና ነው

(በቦስተን አካባቢ ለሚገኙ የሐበሻ የእግር ጉዞ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቡናውም እየፈላ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

የሚቀጥለው ጉዞ የቦስተን የመጠጥ ውሃ ወደሚመጣበት ሐይቅ ወደ ኳቢን ነው ብለን በቴሌግራም ከለቀቅን ወዲህ ጥያቄ ጎርፏል። አንዱ ወንድማችን “ውሻ ክልክል ነው ትላላችሁ፣ በሞተር ጀልባ ዓሣ ማጥመድ ግን ይቻላል። ይሄ ምን የሚሉት ሕግ ነው?” አለ። አንዲት እህታችን ደግሞ “ልጆቼ እንዳይዋኙ ተከልክለዋል፣ ቢቨሩ ቀኑን ሙሉ ሲንቦራጨቅበት ግን ማንም አይናገረውም” ብላ ጻፈች። አንድ ጋሼ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ጭራሽ “የመጠጥ ውሃ ከሆነ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ይታጠር እንጂ!” አሉ።

ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ማለቴ ጥያቄያቸው ልክ ነው። ሕጉ ዝርዝሩን ብቻ ካነበባችሁት የተዘበራረቀ ይመስላል። ግን አንድ ነገር ከያዛችሁ አብዛኛው ይፈታል። ቦስተን ትልቅ የውሃ ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ መሬቱንና ጫካውን መጠበቅ መርጣለች። እዚያ የምታዩት ክልከላም ፈቃድም የዚህ ምርጫ ውጤት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ከሥሩ ልጀምር።

ኳቢን ከቦስተን በስተ ምዕራብ ወደ 105 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሰው የሠራው ሐይቅ ነው። ሲሞላ 412 ቢሊዮን ጋሎን ይይዛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውሃው በምድር ውስጥ ዋሻ ወደ ዋቹሴት ማጠራቀሚያ ይመጣል፣ ከዋቹሴት ወደ ማርልቦሮው ማከሚያ፣ ከዚያም ወደ እኛ ቧንቧ። ቦስተን፣ ሞልደን፣ ሜድፎርድ፣ ሶመርቪል የምትኖሩ ሁሉ የምትጠጡት እሱን ነው። ካምብሪጅ ያላችሁ ይቅርታ፣ የእናንተ ሌላ ነው። ኋላ እመጣባችኋለሁ።

ይሄ ሐይቅ ከመኖሩ በፊት ቦታው የስዊፍት ወንዝ ሸለቆ ነበር። ሰው ነበረበት። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። በ1927 ሕግ ወጣ፣ ሸለቆው እንዲገደብ ተወሰነ። ዳና፣ ኤንፊልድ፣ ግሪንዊች እና ፕሬስኮት የሚባሉ አራት ከተሞች ነበሩ። ወደ 2,500 ሰው ተነሣ። ቤቱ ፈረሰ፣ ዛፉ ተቆረጠ፣ የተረፈው ተቃጠለ። ከ7,500 በላይ አፅም ከየመቃብሩ ወጥቶ ዛሬ ከግድቡ አጠገብ ወዳለው መካነ መቃብር ተዛወረ። ሚያዝያ መጨረሻ 1938 ኤንፊልድ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የስንብት ጭፈራ ተደረገ። ሌሊቱ እኩል ሲሆን አራቱም ከተሞች በሕግ መኖራቸው አበቃ። በበነጋው፣ በ28ኛው ቀን፣ ኤንፊልድ የሚባል ከተማ የለም። ውሃው በ1939 መሞላት ጀመረና በ1946 ሞላ።

ግድብ ሲሠራ ሰው እንደሚነሣ የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ብዙ አላብራራውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በግድቡ ዙሪያ የቀሩት ከተሞች ሰዎች ዘመዶቻቸው የተነሡባቸው ናቸው። መሬቱን ያጡት እነሱ፣ ውሃውን የሚጠጣው ቦስተን። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ “አሁን ደግሞ ዳሩንም አትርገጡ፣ ዓሣም አታጥምዱ” ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። ለዚህ ነው ጋሼ ያሉትን አጥር እኔ የማልደግፈው። ዓሣ ማጥመዱና የእግር መንገዱ ለእኔ ችሮታ አይደለም። ያለቀ የማይመስል ዕዳ አለ፣ ከዚያ ላይ ትንሽ የተከፈለ ነው።

አሁን ወደ ማጣሪያው። በ1989 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አንድ ደንብ አወጣ። ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ የሚቀዳ ከተማ ሁሉ ውሃውን በማጣሪያ ማሳለፍ አለበት የሚል። አንድ መውጫ ብቻ ተወ። ምንጩ በጣም ንጹሕ ከሆነና ተፋሰሱን፣ ማለትም ውሃው እየፈሰሰ የሚመጣበትን መሬት፣ በደንብ እንደምትጠብቅ ካሳየህ ማጣሪያው ይቅርልህ። የባክቴሪያው ቁጥር፣ የውሃው ድፍርስነት፣ የመሬቱ ይዞታ ሁሉ ይቆጠራል። ኒው ዮርክ፣ ሲያትል፣ ፖርትላንድና ሌሎች ጥቂት ከተሞች በዚህ መውጫ ያለፉ ናቸው። በተፋሰሱ ላይ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ይዞ ይሄን ማሟላት ቀላል አይደለም።

የቦስተኑ ግን በቀላሉ አላለፈም። የፌዴራል መንግሥት የክልሉን የውሃ ባለሥልጣን ከሰሰ። “ዋቹሴት ላይ ማጣሪያ ሥራ” አለው። ባለሥልጣኑ ደግሞ “ያንን ገንዘብ ያረጀ ቧንቧ ልቀይርበት፣ መሬት ልግዛበት፣ በኦዞን ላክምበት” ብሎ ተከራከረ። በ2000 ዳኛው ለባለሥልጣኑ ፈረዱ። በ2001 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ከዚያ በ2005 የማርልቦሮው ማከሚያ በኦዞን ሥራ ጀመረ፣ በ2014 አልትራቫዮሌት ብርሃን ተጨመረበት። ስለዚህ ውሃችን ተህዋስ ይገደልበታል፣ ክሎሪንም ይገባበታል፣ በአሸዋ ማጣሪያ ግን አያልፍም። ማጣሪያው ጫካው ነው።

“ታዲያ ማጣሪያ ቢሠራ አይሻልም?” የሚል ይኖራል። ማጣሪያ ጥሩ ነገር ነው። ብቻውን ግን አያድንም። በ1993 ሚልዋኪ ውስጥ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተህዋስ ወደ ከተማው ውሃ ገባ። በግምት 403,000 ሰው ታመመ። ሚልዋኪ ማጣሪያ ነበራት። ማጣሪያው በዚያ ሰሞን በደንብ አልሠራም፣ በቃ። ክሪፕቶስፖሪዲየም ክሎሪን ብዙም አይበግረውም። የሚመጣው ከሰውና ከእንስሳ ዓይነ ምድር ነው። ይሄን ቃል ቡና እየጠጣን መጥራቴ ይቅር ይባልልኝ፣ ግን የዛሬው ወሬ ግማሹ እሱ ነው።

እሺ፣ አሁን ሕጎቹን እንያቸው።

ዋና ክልክል ነው። ምክንያቱ ይሄው ነው። የሰው ተህዋስ ሌላ ሰውን ለማሳመም ከቢቨር ይልቅ ቅርብ ነው። አንድ ዳይፐር ያደረገ ሕፃን ውሃው ውስጥ ቢቀመጥ፣ ዋናተኛው ሆዱን የታመመ ቢሆን፣ መካከል ላይ የሚያግድ የአሸዋ ማጣሪያ የለም። ኳቢን ግዙፍ ስለሆነ ውሃው እዚያ ውስጥ በአማካይ 4 ዓመት ያህል ይቆያል ይባላል። ያ ብዙ ነገር ያጠራል። ፀሐይም ጊዜም ይሠራሉ። ነገር ግን ቁጥሩ አማካይ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ ተራውን ጠብቆ አይወጣም።

ስለ ቢቨሩ ላነሣሽው እህቴ፣ ማንም ዝም አላለውም። ውሃው ወደ ዋሻው በሚገባበት አካባቢ ቢቨርና መሰሎቹ እንዳይሰፍሩ ይደረጋል። ከዚያ ራቅ ሲል ይተዋል። የባሕር ወፎቹ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። እነሱ ቀን ቀን የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያና ቆሻሻ መጣያ ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ማታ በሺዎች ሆነው ሐይቁ ላይ ያድራሉ። አድረው የሚተዉትን ነገር አትጠይቁኝ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወፎቹን በጀልባና በርችት ከመቅጃው አካባቢ የሚያባርሩ ሠራተኞች አሉ። ደሞዝ እየተከፈለ ወፍ ማባረር። እኛ አገር በማሽላ ማማ ላይ ያደጉ ልጆች በነጻ የሚሠሩት ነው።

ውሻ ለምን? ውሻም ጃርዲያን የመሰለ ተህዋስ ይዞ ሊዞር ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ቁጥሩ ነው። አንድ የዱር ቀበሮ በሰፊ ጫካ ይበተናል። ውሻ ግን ከባለቤቱ ጋር በአንድ መንገድ፣ ዳር ዳሩን፣ በየቀኑ ይመላለሳል፣ ውሃ ሲያይም ዘሎ ይገባል። የውሻ ወዳጆች ይሄን ስነግራቸው ሁሌ ይከፋቸዋል። እኔ ግን በዚህ ላይ ከሕጉ ጋር ነኝ።

አሁን የካምብሪጆቹ ተራ። ፍሬሽ ፖንድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዙሪያውን ትሮጡበታላችሁ። የካምብሪጅ ነዋሪ ውሻውን ይዞ ይሄዳል። እሱም እኮ የመጠጥ ውሃ ነው! ታዲያ እዚያ ለምን ተፈቀደ? አንደኛ ኩሬው ታጥሯል፣ ውሻውም ሰውም ውሃውን አይነካም። ሁለተኛ እዚያው ዳር ላይ የቆመው ሕንፃ ሙሉ የማጣሪያ ጣቢያ ነው። ውሃው ከዚያ ሳያልፍ ቤታችሁ አይገባም። ካምብሪጅ ገንዘቡን ማጣሪያው ላይ አዋለች፣ ስለዚህ መንገዱ ላይ ትንሽ ዘና ማለት ትችላለች። ቦስተን ገንዘቡን መሬቱ ላይ አዋለች፣ ስለዚህ መሬቱ ላይ ትጠነክራለች።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ደግሞ ለገዳዲን አስቡት። ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ ገበሬ የሚኖርበት፣ የሚያርስበት መሬት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው አፈር ይዞ ይመጣል፣ ይደፈርሳል። እዚያ ማከሚያ ጣቢያው ሥራ አይፈታም። ገበሬውን አንሥቶ ጫካ ማድረግ ደግሞ የማይታሰብ ነው፣ መታሰብም የለበትም። የስዊፍት ወንዝ ሸለቆ ላይ የተደረገው ግን ያ ነበር። የኳቢን ጫካ ንጹሕ የሆነው ሰው ስላልነበረበት አይደለም። ሰው ስለተነሣ ነው።

ወደ ጀልባው ልምጣ፣ ሰው በጣም የሚገርመው እሱ ነው። ኳቢን ላይ ጀልባ የሚፈቀደው ለዓሣ ማጥመድ ነው። ለሽርሽር ብቻ፣ ለጄት ስኪ፣ ለሙዚቃና ለጭፈራ አይደለም። ወቅቱ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ሦስት መግቢያዎች አሉ፦ ፔልሃም ጌት 8፣ ኒው ሳሌም ጌት 31 እና ሃርድዊክ ጌት 43። የሞተሩ ጉልበት የተገደበ ነው። ጀልባው ከመቅጃው አካባቢ አይደርስም። ዋቹሴት ላይ ግን፣ ውሃው ወደ እኛ ሊመጣ አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ የሕዝብ ጀልባ ጨርሶ አይገባም። ዓሣ ከዳር ሆኖ ብቻ ነው። ሎጂኩ ይታያችኋል? ወደ ብርጭቋችሁ በቀረበ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል።

ዛሬ ጀልባን በተመለከተ ዋናው ፍርሃት ቤንዚን አይደለም። ዜብራ ሙስል የምትባል የጥፍር ያህል ባለ ሁለት ቅርፊት የውሃ ፍጥረት ናት። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣች ናት። ቧንቧ ውስጥ በሚሊዮን ተጣብቃ ትዘጋዋለች። በሐምሌ 2009 በምዕራብ ማሳቹሴትስ ሎረል ሌክ ላይ ተገኘች። ወዲያው ኳቢን የግል ጀልባን ከለከለ። አጥማጆቹ በጣም ተቆጡ። በኋላ መፍትሔ ተገኘ። የግል ጀልባ ያለው ሰው ጀልባውን በሙቅ ውሃ ያሳጥባል፣ ወይም በክረምት ለይቶ ያቆየዋል። ከዚያ ማኅተም ይደረግበታል። ማኅተሙ እስካልተቆረጠ፣ ማለትም ጀልባው ሌላ ሐይቅ እስካልገባ ድረስ፣ ይገባል። ይሄ መፍትሔ ደስ ይለኛል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ቀላል ነበር። እነሱ ግን ትክክለኛውን አደጋ ለይተው እሱን ብቻ ዘጉ። ለእኛ ግን በጣም ቀላሉ መንገድ እዚያው ጀልባ መከራየት ነው።

ዓሣው ምንድን ነው? ሌክ ትራውት፣ ሳልመን፣ ባስ። ሌክ ትራውት ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ይወዳል፣ የኳቢን ጥልቁ ቦታ ወደ 46 ሜትር ይጠጋል። ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የስቴቱ የዓሣ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። ከ15 እስከ 17 ላሉና 70 ለሞላቸው ነጻ ነው፣ ግን መያዝ አለባቸው። “እኔ ሽማግሌ ነኝ ማን ይጠይቀኛል” አይሠራም፣ ይጠይቃሉ። ከ2012 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ሐይቆች ትንንሽ የእርሳስ (የሊድ) መንጠቆ ማጥለቂያ ክልክል ነው። ምክንያቱ ሉን የሚባለው ጠላቂ ወፍ ነው። እርሳሷን ከጠጠር ጋር ይውጣትና ይሞታል። ይሄ ወፍ ከማሳቹሴትስ ጠፍቶ ኖሮ በ1975 ተመልሶ ጎጆ የሠራው ኳቢን ላይ ነው። ንስሩም እንደዚሁ። ከ1982 እስከ 1988 ድረስ 41 ጫጩቶች ከሚቺጋንና ከካናዳ መጥተው እዚያ ተለቀቁ። በ1989 ጎጆ ሠሩ። ዛሬ ማሳቹሴትስ ውስጥ ንስር ካያችሁ ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

አሁን በጥሞና ስሙኝ፣ በተለይ እናቶች። የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ ነው ማለት ዓሣው ሁሉ እንደልብ ይበላል ማለት አይደለም። ከድንጋይ ከሰል ማቃጠያና ከቆሻሻ ማቃጠያ የወጣ ሜርኩሪ በአየር ተጉዞ ሐይቅ ላይ ይወርዳል። ውሃው ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ትንሹ ዓሣ ግን ያጠራቅመዋል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ ዕድሜ ጠገቡ ዓሣ ላይ ብዙ ይሆናል። የማሳቹሴትስ ጤና ቢሮ ምክር ግልጽ ነው። እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች፣ የምታጠባ እናትና ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከስቴቱ ሐይቅና ወንዝ የተያዘ ዓሣ አይብሉ። ከእርባታ አምጥተው የሚለቁት ትራውት ብቻ ይቀራል። ሌሎቻችሁም ለየሐይቁ የወጣውን ምክር አይታችሁ ብሉ። ትልቅ ዓሣ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ መልቀቅም ያኮራል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ፣ ስለ ሜርኩሪው ግን ክርክር የለም።

ጫካውም ሥራ አለው ብያለሁ። ከ50 ዓመት በላይ ኳቢን ላይ አደን ተከልክሎ ነበር። አጋዘን በዛ። የበቀለውን ችግኝ ሁሉ ጋጠው። ከላይ ሲታይ ጫካው ያማረ ነው፣ ከሥር ግን ሕፃን ዛፍ የለም። በ1938 መስከረም ላይ ኒው ኢንግላንድን የመታው አውሎ ነፋስ እጅግ ብዙ ዛፍ ጥሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነፋስ እንደገና ቢመጣና ትልልቆቹን ቢጥል የሚተካ የለም። አፈሩ ወደ ውሃው ይሄዳል። ስለዚህ በ1991 በቁጥጥር የሚደረግ የአጋዘን አደን ተጀመረ። ተቃውሞ ነበረበት፣ ሰልፍም ወጥቷል። ዛሬ ችግኙ ተመልሷል። በመጸው መጨረሻ ለአደን በተመደቡት ቀናት ያ ክፍል ለሌላ ጎብኚ ዝግ ስለሚሆን ቀኑን አይታችሁ ሂዱ።

በነገራችን ላይ የሐይቁ ትልቁ ደሴት ስሙ ማውንት ዛየን ነው። አዎ፣ ደብረ ጽዮን። በ2016 ስቴቱ እዚያ ደሴት ላይ መርዛማ እባብ ላረባ ነው አለ። ዘሩ እየጠፋ ያለ የአገሩ እባብ ነው፣ ሰውም ወደ ደሴቱ አይገባም። የአካባቢው ሰው ግን “እባብ መዋኘት ይችላል እኮ!” ብሎ ተነሣ። በዓመቱ ሐሳቡ ተተወ። ይሄን የነገርኳችሁ ለጉዞው እንዳትፈሩ ነው። ከእባቡ ይልቅ መዥገሩን ፍሩ።

አሁን ጋሼ ወደጠየቁት አጥር ልመለስ። እውነቱን ለመናገር እሳቸው የሚሉትን ያደረጉ ከተሞች አሉ። የሲያትል ዋናው ምንጭ፣ የሴዳር ወንዝ ተፋሰስ፣ ለሕዝብ ዝግ ነው። የፖርትላንዱ ቡል ረንም እንደዚሁ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ውሃቸውን ያለ ማጣሪያ ለመጠጣት የከፈሉት ዋጋ ይሄ ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ ወደ እኛ ይቀርባል። ነጻ የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት ይሰጣል፣ በእሱ ማጠራቀሚያዎቹ ላይ ዓሣ ይጠመዳል። በ2019 አሾካን ማጠራቀሚያ ዳር የድሮውን ባቡር መስመር ተከትሎ 11.5 ማይል የእግር መንገድ ተከፍቷል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉት ደግሞ ፓቱክሰንት ወንዝ ላይ ሁለት ማጠራቀሚያ አላቸው፣ ፈቃድ ገዝተው ያጠምዳሉ። የእነሱ ውሃ በማጣሪያ ያልፋል።

የትኛው ይሻላል? እኔ የተከፈተውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቴም ስሜት ብቻ አይደለም። ተፋሰስን የሚጠብቀው በጀት ነው። በጀቱ የሚመጣው ከውሃ ሂሳባችን ነው። ለዘበኛው፣ ለደኑ ባለሙያ፣ ለመሬት ግዢው፣ ለዙሪያው ከተሞች በግብር ፋንታ ለሚሰጠው ክፍያ ሁሉ የምንከፍለው እኛ ነን። አይቶት የማያውቀውን ጫካ ጠብቁልኝ ብሎ ዓመት ከዓመት የሚከፍል ሕዝብ ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞም ዳር ላይ ቆሞ የሚያጠምድ ሰው የሚዋኘውን ያያል፣ የሚጥለውን ያያል፣ ይደውላል። አጥር አይደውልም።

በግንቦት 2010 የሆነውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዌስተን ላይ ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ። ወደ 2 ሚሊዮን ሰው ለሦስት ቀን ያህል ውሃ አፍልቶ ጠጣ። ሱቅ ውስጥ የታሸገ ውሃ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ቧንቧው ባዶ እንዳይሆን ከመጠባበቂያዎች ውሃ ተለቀቀ፣ አንዱ ቼስትነት ሂል ነበር። ያችን ቆንጆ ኩሬ ዙሪያዋን የማይሮጥ ማን አለ? ልብስ ታጥባለች፣ ሽንት ቤት ታወርዳለች፣ ሳትፈላ ግን አትጠጣም ተባለ። ከሩቅ ስታዩት ቼስትነት ሂልም ኳቢንም ሰማያዊ ውሃ ነው። ልዩነቱ ዙሪያው ያለው መሬት ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱንም ልናገር። ኳቢን ዙሪያ ከ50 በላይ ቁጥር ያላቸው በሮች አሉ። ብረት ወይም ግንድ ተጋድሞባቸዋል። አጠገቡ የሕዝብ የመጠጥ ውሃ ነው፣ ይሄ ክልክል፣ ያ ክልክል የሚል ሰሌዳ አለ። እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ያንን ሲያይ መኪናውን አዙሮ ይመለሳል። ለእኛ የተዘጋ በር ማለት የተዘጋ በር ነው። ከበሩ ጀርባ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እንዳለ እንጠረጥራለን። እዚያ ያደገው ሰው ግን በሩ የተዘጋው ለመኪና መሆኑን ያውቃል፣ በጎኑ ዞሮ መንጠቆውን ተሸክሞ ይገባል። ሕጉ ለሁለታችንም አንድ ነው። የሚያውቀውና የማያውቀው ግን እኩል አይጠቀሙበትም። ክልከላውን በትልቁ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት “በእግር ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ” የሚለውንም በዚያው መጠን ቢጽፍ ምን ነበረበት?

የእኛ ጉዞ በጌት 40 ነው። ከበሩ እስከ ድሮዋ ዳና አደባባይ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለትልልቆቻችንም አይከብድም። ዳና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረች አደባባይዋን ውሃ አልሸፈነውም። የቤቶቹ መሠረት ዛሬም ይታያል። ቤታቸውን ላጡት መታሰቢያ የቆመ ድንጋይም አለ። ሕፃናት ወደ መሠረቶቹ ጉድጓድ እንዳይገቡ ያዙልኝ።

የሚጠጣ ውሃ ከቤት ያዙ። ሳቁ፣ ግን ከሐይቁ መቅዳት የለም። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ ተጋግዘን እንሄዳለን። እሳት የለም፣ ስለዚህ ጥብሱ እቤት ተጠብሶ ይመጣል። ቢራና ጠጅ የለም። ድሮን የለም። ከመግባታችን በፊት ሁሉም ሰው ሽንት ቤት ይጠቀም፣ ልጆቹን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቋቸው። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታ ስትመለሱ ሰውነታችሁን ለመዥገር ፈትሹ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንወጣለን፣ ማታ መቆየት አይፈቀድም።

ማጥመድ የምትፈልጉ ላይሰንሳችሁን ከአሁኑ በኢንተርኔት አውጡ። ለጀልባው ቡድን ጌት 31 ሌላ ቀን እናዘጋጃለን። ውሻ ያላችሁ በሁለቱም ቀን ለጎረቤት ስጡት።

ጋሼ፣ እጅዎን አንሥተዋል። ይቀጥሉ፣ እሰማለሁ።